ከአሥር ሁለት

ድምፆቹ ሄደዋል፤ መርፌው አባረራቸው፤
ሸንኮራም ብወርድ ጠበሉ ገሠጻቸው።
ወጡ በየተራ፣ እንደ ለቅሶ እንግዳ፣
ድንኳኑን አፍርሰው፣ ጥለው ባዶ ጓዳ።
«ዳነ!» አለ ጠባሴ፣ «እሰይ!» አለ መንደሩ፤
ከነሱ ጋር ምን እንደ ወጣ ግን አላዩም ከበሩ።

ምን ወጣ?
ማለዳ ሲነጋ እግርን ከአልጋ ማውረድ፣
ሰው ሲቀልድ መሣቅ፣ ሲያስፈራሩ መራድ፣
ሽሮ ሲሸት መራብ፣
ዓመት በዓል ሲቃረብ ቀን መቁጠር፣ ማሰብ።

ብርድ ልብስ ፋብሪካ ክር ቀጣይ ነበርሁ፤
ስንቱን ብጥስጣሽ በጨለማ ቋጠርሁ።
ዛሬ የሸመንነውን እስከ አፍንጫ ለብሼ
ግድግዳ አያለሁ፤ ይመሻል፤ አያለሁ ደግሞ መልሼ።

እኅቴ እታፈራሁ
ለጎረቤት «ለግሞ ነው» ስትል እሰማለሁ፤
ጓዳ ገብታ ስታለቅስ፣ እሱንም እሰማለሁ።
ማዘኔን አውቃለሁ፤
ፊቴ ግን አልሰማም።
ወሬው ከልቤ ተነሥቶ እስከ ጉንጬ አይዘልቅም፤
መንገድ ላይ ይቀራል፣
ጣርማ በር ጉም ውስጥ እንደ ቆመ አውቶቡስ፣
መብራቱን አብርቶ፣ የትም የማይደርስ።

ሐሙስ ሐሙስ ሆስፒታል። ክፍል አሥራ አራት።
የተሰበረ መስኮት፣ በካርቶን የተደፈነ፤
ሲስተር ሙላቷ፣ ብርቱካናማ ሹራብ፣ የቀዘቀዘ ሻይ።
«ምን ትፈልጋለህ?» አለችኝ የመጀመሪያ ቀን።
ምንም።
አልቸኮለችም። ዝምታዬን እንደ ሰው ተቀበለችው፣
ወንበር ሳበችለት፤
ሦስታችንም ተቀመጥን።

በአራተኛው ሐሙስ አንድ ነገር አመለጠኝ፦
«ብሞክርም አይሆንም።»
ወረቀት ላይ ጻፈችው፣ አዙራ አሳየችኝ፤
«ይህን መጀመሪያ መቼ ነው ያመንኸው?» ብላ ጠየቀችኝ።
ፈተሽሁ።
ታክሜ ሥራ የተመለስሁ ዕለት
እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ክሩ ተተበተበ፣ ማሽኑ ቆመ፤
ሠላሳ ሰው ዞሮ አየኝ።
ማሽኑ ያኔውኑ ተነሥቷል፤
እኔ ነኝ እስከ ዛሬ የቆምሁ።

ደብተር ሰጠችኝ። «እስከ በሬሳ ድልድይ
ሄደህ ተመለስ። ከመሄድህ በፊት ጻፍ፦
ስንት ደስ ይለኛል? ከአሥር።
ስትመለስ ደግሞ ጻፍ።»
ዜሮ ጻፍሁ። አልሄድሁም።
«እሺ፣ ጫማህን ብቻ አጥልቅ።» አጠለቅሁ፤
ከነጫማዬ ተጋደምሁ።
«እሺ፣ እስከ አጥር።» እስከ አጥር ሄድሁ፣
ቆርቆሮውን ነክቼ ተመለስሁ። ዜሮ። ዜሮ።

ኅዳር ሃያ ሦስት። የደብረ ብርሃን ውርጭ
ሣሩን ዱቄት አስመስሎት፣
ወጣሁ።
ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።
ድልድዩ አፍ ላይ የተኛ ውኃ፣ ላዩ በረዶ ሠርቶ፣
ሳላየው ረገጥሁት፦
ቀጭ!
ቆምሁ። አንድ ነገር ጆሮዬ ገባ፣
ከውጭ የመጣ፣ ስሜን የማይጠራ፣ የማያዝዘኝ፤
እንዲያው ድምፅ ብቻ።
ከዚያ (ይህን ስነግራት ሲስተር ብዕሯን አስቀመጠች)
ዞር ዞር ብዬ
ሌላ ፈለግሁ።
ፈለግሁ።
ከመንገዱ ማዶ አገኘሁ፤ ረገጥሁት።

ማታ ደብተሬ ላይ 2 ጻፍሁ።
እታፈራሁ አየችው። «ከአሥር ሁለት? ወድቀሃል!» አለች፤
ሣቀች፤ ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች።

በማግስቱ አልተነሣሁም። በሠልስቱም።
እንዳትሳሳቱ፣ ተረት አይደለም የምነግራችሁ፤
ግድግዳው እንዳለ አለ፣
ፊቴም ገና ወሬ አልደረሰውም።
ዛሬ ግን ሰማዩ ጠርቷል፤ ነገ ይወርዳል ውርጭ።
ጫማዬ ከአልጋ ሥር አይደለም፤
በሩ ጋ ነው የተኛው፣
አፍንጫው ወደ ውጭ።